ኤንቪዲኤ፦ በነፃ ሲገኝ ምን ይባላል?

ማየት ለተሳነው ተማሪ ዊንዶውስ ላይ ምን ይጫንለት ካላችሁኝ፣ ሳላንገራግር ኤንቪዲኤ እላለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል፣ ክፍያ የሚባል ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከራን ራሱ ዓይነ ስውር ነው፤ ደግሞም ያስታውቃል። ረጅም ድረ ገጽ ላይ "ኤች"ን ስትጫኑ ከርዕስ ርዕስ እየዘለለ ይወስዳችኋል፣ "ቲ" ደግሞ ሰንጠረዡ ላይ ያደርሳችኋል፤ ማውስ ፍለጋ መዳበስ ቀረ። በፍላሽ ይዞ ዞሮ፣ ሳይጭኑ ማስነሳትም ይቻላል። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ ግን፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ሮቦት ነው (የለመዱት ፍጥነቱን ጨምረው ሲያዳምጡ እኔ አንድ ቃል አልያዝኩም)። ትልቁ ጣጣ ሌላ ነው። መምህሩ መጽሐፉን ፎቶ አንስቶ ፒዲኤፍ ብሎ ከላከው፣ ገጹ ምስል እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ በቀጥታ የሚነበብ ነገር የለም። መምህራን፣ በናታችሁ የወርዱን ፋይል ላኩ።