የብድር ስም ተበላሽቶ ቤት መግዛት፦ ባንክ፣ ውክልና ወይስ ቁጠባ ማኅበር?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ ተራ በተራ ደወሉልኝ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «አንተ ስምህ ተበላሽቶ ቱሉ ዲምቱ ላይ ቤት እንዴት ገዛህ?» በስልክ መድገሙ ሰለቸኝ፤ ይኸው ጻፍኩት።

ስሜን ያበላሸው የባጃጅ ብድር ነው። ባጃጇ ቆመች፣ እኔም መክፈል አቆምኩ። 90 ቀን ያለፈው ብድር «የተበላሸ» ይባላል። ብሔራዊ ባንክ ያለው የብድር መረጃ ማዕከል ውስጥ ከገባህ ደግሞ ሌላ ባንክ ብትሄድም ያገኙሃል።

ዕዳዬን ጨርሼ ባንክ ሄድኩ። የብድር ሠራተኛዋ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ደረሰኙ በእጄ፣ ዕዳው እዚያው ስክሪኑ ላይ! የድሮው ባንኬ መክፈሌን አላሳወቀም። መክፈሌን ለማዕከሉ ለምታሳውቅ አንዲት ደብዳቤ አራት ጊዜ ፒያሳ ተመላለስኩ። አንድ ደላላ «ክሊራንሱን (ዕዳ የለበትም የሚለውን ወረቀት) በ15 ሺህ እጨርስልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። እንዳትሞክሩት። ባንኩ የሚያምነው ማዕከሉን እንጂ ወረቀቱን አይደለም፤ ሐሰተኛ ሰነድ ደግሞ ያሳስራል።

አሁን ወደ ብሩ። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ለመግዛት 1 ሚሊዮን ይጎድለኝ ነበር። በ17 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ብበደር በወር 14,670 ብር ገደማ ነው። ሲደመር 3.5 ሚሊዮን! ካቃተኝ ደግሞ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቴን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ውክልናስ? የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ቤቱን መሸጥ ስለማይችል፣ በውልና በውክልና ብቻ ይሰጥሃል። ርካሽ ነው፣ የብድር ታሪክህንም የሚጠይቅ የለም። ግን ሻጩ ሲሞት ውክልናውም አብሮት ይሞታል። ጎረቤቴ ቤቱን ሴራሚክ አንጥፎ፣ ኪችን ካቢኔት አሠርቶ ከጨረሰ በኋላ የሟች ልጆች በሩን አንኳኩ። ዛሬም ፍርድ ቤት ነው።

እኔ የቁጠባና ብድር ማኅበሬን መረጥኩ፤ አሁንም ብጠየቅ እሱን ነው የምለው። 200 ሺህ ቆጥቤ ነበር፣ ሦስት እጥፉን 600 ሺህ ሰጡኝ። ባለ አንድ መኝታውን ትቼ ስቱዲዮ ገዛሁ። ወለዱ 15 በመቶ፣ ጊዜው 5 ዓመት፣ ወርሃዊ ክፍያው 14,274 ብር። ከባንኩ ጋር አስተያዩት፤ በወር የማወጣው ያው ነው፣ ግን በ20 ዓመት ፈንታ በ5 ዓመት እገላገላለሁ። ወለዱ በድምሩ 256 ሺህ አካባቢ ነው። ቤቱ ግን ጠባብ ነው፤ አልጋውና ምድጃው ይተያያሉ።

እዚያም ቢሆን የባጃጇን ነገር አልደበቅኩም። ኮሚቴው ቁጠባዬንና ዋሶቼን አየ፣ አለቀ። ካርታ ያልወጣለት ቤት ባንክ በመያዣነት አይቀበልም፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ካርታ የሌለው ቤት ሞልቷል። ማኅበሩ ግን በካርታ ፈንታ ሦስት ዋስ ነው ያለኝ።

ከሦስቱ አንዷ አማቴ ናቸው። ወር በገባ በ5ኛው ቀን ሳያሳልፉ ይደውላሉ፤ «ልጄ፣ ደህና አደርክ? ያቺን ነገር ከፈልክ?»