ኢትሪየም፣ ቢስመዝ ወይስ ብረት የገባበት? መሳቢያ ውስጥ የሚሰነብተው ሱፐርኮንዳክተር

ለፊዚክስ ላብ ሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች መቋቋም የሚያሳልፍ ቁስ፣ ልትገዙ ነው እንበል። ሻጩ ማግኔት አየር ላይ ሲንሳፈፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ይልክላችኋል። ያ የመጀመሪያው ቀን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ክረምት ነው።

ከኢትሪየሙ እንጀምር። ኢትሪየም፣ ባሪየም፣ መዳብና ኦክስጅን ያሉበት ይህ ጥቁር ሴራሚክ የታወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ 92 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) አካባቢ ይሠራል። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው በ77 ስለሆነ የ15 ዲግሪ ያህል ትርፍ አለው ማለት ነው። ችግሩ ባሪየሙ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ አይምርም። እርጥበት ሲነካው ይፈርሳል፣ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶም ነጭ ዱቄት ይሆናል። እኛ ጋ በወረቀት ተጠቅልሎ የከረመ አንድ ቁራጭ ነበር። ስንፈታው ጠርዙ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሲነኩት ይረግፋል። ናይትሮጅን ብናፈስበትም ማግኔቱ ንቅንቅ አላለም። (ዱቄቱ መርዛማ ነው፣ በባዶ እጅ አትንኩት።)

ኢትሪየሙ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ዱቄቱ ተጠፍጥፎ የተተኮሰው ነው። ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አለው፣ እርጥበቱም በዚያ ይገባል። ውዱ ቀልጦ እንደ አንድ ክሪስታል ያደገው ነው። ድፍን ስለሆነ እርጥበት ቶሎ አይዘልቀውም። ማግኔቱንም አጥብቆ ይይዛል፤ ገልብጣችሁ ብታንጠለጥሉት እንኳ አይለቅም። ብሩ ካለ ይኼን ግዙ።

ቢስመዙ በ1988 እ.ኤ.አ. መጣ። ባሪየም የለበትም፣ እርጥበትን ከኢትሪየሙ በተሻለ ይችላል። ሦስት የመዳብ ንብርብር ያለው ዓይነቱ እስከ 110 ኬልቪን ስለሚሠራ ከናይትሮጅኑ ሲወጣም ቶሎ አይደክምም። ግን በ77 ኬልቪን ማግኔት አያያዙ ልል ነው። የኤሌክትሪክ መቋቋም ሲጠፋ ለመለካት አሪፍ ነው፤ ለማንሳፈፍ ግን ያሳፍራል።

ብረት የገባበትስ? ይህ ከመዳቡ ጥቂቱ በብረት የተተካበት ኢትሪየም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ብረት ያጠነክረዋል ብሎ ያስባል። ብረቱ የመዳቡን ቦታ ነው የሚወስደው፣ በተለይ በክሪስታሉ ውስጥ እንደ ሰንሰለት የተደረደረውን። ያቺን የ15 ዲግሪ ትርፍም ይበላታል። ከመዳቡ 10 በመቶው ብረት ከሆነ በናይትሮጅን ሙቀት ጨርሶ አይሠራም። ባሪየሙም እዚያው ስላለ እርጥበቱ አይቀርለትም። የሚፈለገው ለሞስባወር መለኪያ (በጋማ ጨረር የብረት አቶሞችን አካባቢ ለሚመረምር መሣሪያ) ነው፤ ብረቱ በውስጡ እንደ ሰላይ ይቀመጣል። ያ መሣሪያ ከሌላችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

አንዳንድ ሻጭ “ቢያረጅ በኦክስጅን መልሳችሁ ትተኩሱታላችሁ” ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ሙቀት ነክቶት ኦክስጅን ያጣ ኢትሪየም ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ኦክስጅን እየነፈሰበት ሲቆይ ይመለሳል። ነጭ ዱቄት የሆነው ግን በዚህ አይድንም።

እዚህ አገር ፈሳሽ ናይትሮጅን ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በከብት ማዳቀል ሥራ ነው። ለምናችሁ ያመጣችሁትን በሞተ ቁራጭ ላይ እንዳታፈሱት መቼ እንደተሠራና አየር በማያስገባ ከረጢት መታሸጉን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከተጠቀማችሁ በኋላ በረዶው ቀልጦ ውሃ ሲሆን ለብ ባለ የፀጉር ማድረቂያ አድርቁት፣ ከዚያ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን የሲሊካ ጄል ከረጢት ጨምራችሁ ክዳኑ በሚጠብቅ ብልቃጥ ዝጉበት።