የፋብሪካ ሾክ አብዞርበራችሁን አስረክባችሁ «የተሻለ» ምትክ ከመቀበላችሁ በፊት

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በአስቸጋሪ መንገድ ላይ በፍጥነት እንዲነዱ ታስበው የተሠሩ ፒክአፖች፣ ማለትም እንደ ፎርድ ራፕተር፣ ራም ቲአርኤክስ እና ሼቭሮሌ ኮሎራዶ ዜድአር2 ያሉ መኪኖች ላሏቸው ሰዎች ነው። ለእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ደጋግሞ የሚቀርብ አንድ የሽያጭ ሐሳብ አለ። ሻጩ «የፋብሪካውን ሾክ አስረክቡን፣ ከዋጋው ላይ እንቀንስላችኋለን፣ በምትኩም ወፍራምና ባለ ተጨማሪ የዘይት ማጠራቀሚያ አዲስ ሾክ እንገጥምላችኋለን» ይላል። ሲሰሙት ለገዢው የሚያደላ ውል ይመስላል። እኔ እንደማየው ግን ብዙውን ጊዜ ገዢው የተሻለውን ዕቃ አስረክቦ፣ በላዩ ላይ ገንዘብ ጨምሮ፣ ያነሰውን ይዞ የሚመለስበት ውል ነው።

ተራ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚገጠምለት ሾክ ወጪ እንዲቆጥብ ተብሎ የተመረጠ ስለሆነ፣ ደህና በሆነ ሌላ ሾክ ሲተካ አብዛኛውን ጊዜ ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። ሻጮቹ የሚጠቀሙት ይህንኑ ልምድ ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ገዢው ለመኪናው ከከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ውስጥ ቀላል የማይባለው ድርሻ የዋለው በሾኩ ላይ ነውና። የመጀመሪያው ራፕተር በ2010 ሞዴል ሲወጣ ፎክስ የተባለ አምራች የሠራው 2.5 ኢንች ውፍረት ያለው ሾክ ተገጥሞለት ነበር፤ በ2017 ወደ 3 ኢንች አደገ፤ በ2019 ደግሞ በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠረው ዓይነት ተተካ። ኮሎራዶ ዜድአር2 በ2017 ማልቲማቲክ የተባለ አምራች የሠራውን ሾክ ይዞ ወጣ፤ በ2021 የመጣው ቲአርኤክስም በኤሌክትሮኒክስ የሚስተካከል የቢልሽታይን ሾክ አለው።

በራፕተር ላይ የሚገጠመው የፎክስ ሾክ ውስጥ ፒስተኑ የሚመላለስበት ውስጠኛ ቱቦ አለ፤ በቱቦው ግድግዳ ላይም በተመረጡ ቦታዎች የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። ፒስተኑ በጉዞው መካከለኛ ክፍል ላይ ሲሆን ዘይቱ በፒስተኑ ቫልቭ ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ቀዳዳዎችም ስለሚዘዋወር ሾኩ ይለሰልሳል። ፒስተኑ ቀዳዳዎቹን አልፎ ወደ ጫፍ ሲጠጋ ግን ለዘይቱ የሚቀረው በቫልቩ በኩል ያለው ጠባብ መንገድ ብቻ ስለሆነ ሾኩ ይጠነክራል። ይኸው መኪና በአስፋልት ላይ ሳይረብሽ የሚሄደው፣ ትልቅ ጉድጓድ ሲመታም አክስሉ ከሻሲው ጋር የማይጋጨው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ፋንታ ቀዳዳ የሌለው ቀላል ሾክ ከተገጠመ፣ አስተካካዩ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፦ ወይ በየቀኑ መንገድ ላይ ተሳፋሪውን የሚያንገጫግጭ፣ ወይ በትልቅ ጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ የሚመታ ሾክ ይሆናል።

ሻጮች በብዛት የሚያነሱት ውፍረትን ነው። እርግጥ ነው፣ የሾክ ሥራ የሞላውንና የባሌስትራውን መዋዠቅ ወደ ሙቀት ለውጦ ማብረድ ስለሆነ፣ ብዙ ዘይት የሚይዝ ወፍራም ሾክ ሙቀቱን የተሻለ ይችላል። የ3 ኢንች ፒስተን ስፋት ከ2.5 ኢንቹ በ44 በመቶ ይበልጣል። ነገር ግን አንዳንድ አምራች የሚጽፈው የፒስተኑን መጠን ሲሆን ሌላው የቱቦውን የውጭ ውፍረት ይለካል፤ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ከአንድ ወዳጄ መኪና ላይ ወልቆ፣ ጋዙ በባለሙያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በጠረጴዛ ላይ ሲፈታ ያየሁት ሾክ ይህን በደንብ ያሳያል። ቱቦው ከውጭ ሲታይ ከፋብሪካው የማይተናነስ ነበር፤ ውስጡ የነበረው ፒስተን ግን ቀጭን ነው፤ ልዩነቱን የሞላው የግድግዳው ውፍረት ነበር። በጎኑ የታሰረው የሚያብረቀርቅ ማጠራቀሚያም ዘይቱን ከናይትሮጅን ጋዝ የሚለይ ተንሸራታች ፒስተን ሊኖረው ሲገባ አልነበረውም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ማጠራቀሚያውን ከሾኩ ጋር የሚያገናኘው ብሎን መሃሉ አልተበሳም፤ በጎማ ቱቦው ውስጥ አንዲት ጠብታ ዘይት ልታልፍ አትችልም ነበር። ከሾኩ የወጣው ዘይት አረፋ የቀላቀለ ነበር። ዘይት አረፋ ሲሆን ፒስተኑ በአየር መካከል እንደሚሄድ ስለሚቆጠር፣ ሾኩ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ኃይሉ ይጠፋል ማለት ነው።

መኪናችሁ በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር ሾክ ካለው ደግሞ እጥፍ ጥንቃቄ ያሻል። የ2019ኙ ራፕተር በሴንሰሮች እየተመራ የሾኩን ጥንካሬ በጉዞ ላይ ይለዋውጣል፤ መኪናው ዘሎ ከመሬት መነሳቱን ሲያውቅም ሲያርፍ እንዳይጎዳ ሾኩን ሙሉ በሙሉ ያጠነክረዋል። የኤሌክትሪክ ሶኬት የሌለው ምትክ ሲገጠም ዳሽቦርዱ ላይ የብልሽት መብራት ይበራል። ሻጩ መብራቱን ለማጥፋት ትንሽ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ዕቃ) ሶኬቱ ላይ ይሰካል፤ የመኪናው ኮምፒውተርም የፋብሪካው ሾክ ቫልቭ አሁንም ያለ ይመስለዋል። መብራቱ ጠፋ ማለት ግን ሥርዓቱ ይሠራል ማለት አይደለም። አሽከርካሪው የመንገዱን ዓይነት በቁልፉ ሲመርጥ በሾኩ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። ኤሌክትሮኒክሱ እንደሚቀር አስቀድመው በግልጽ የሚናገሩና ሾካቸውን ለመኪናው ክብደት በጥንቃቄ የሚያስተካክሉ አምራቾች መኖራቸውን አልክድም፤ ከእነሱ የሚገዛ ሰው የሚያጣውን አውቆ ይገዛል። እኔ የምቃወመው ይህን ደብቀው የሚሸጡትን ነው።

የሾኩ ርዝመትም ሊታለፍ አይገባም። ሲዘረጋ ከፋብሪካው የሚያጥር ከሆነ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ርቀት ይቀንሳል፤ የሚረዝም ከሆነ የፊት አክስሉን መገጣጠሚያዎች ካልተሠሩበት ማዕዘን ያሳልፋቸዋል፣ የፍሬን ቱቦውንም ሊወጥረው ይችላል። ተጨምቆ የሚደርስበት ርዝመት ከፋብሪካው ከበለጠ ደግሞ፣ በሻሲው ላይ ያለው የላስቲክ መመከቻ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ፒስተኑ መጨረሻው ላይ ይመታል፤ ዘንጉ ይጣመማል ወይም ማሰሪያው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁለቱንም ልክ በሚሊሜትር አስጽፉ።

ሱቅ ውስጥ የሚታየው ማሳያ እንዳያታልላችሁም አደራ እላለሁ። ሻጩ ዘንጉን በእጁ ተጭኖ ቀስ ብሎ ሲመለስ ያሳያችኋል። የሾክ ኃይል በፍጥነት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በእጅ ግፊት የሚታወቀው ጋዝ መኖሩ ብቻ ነው። በሾኩ ላይ ያለውን ባለ ጥርስ ቀለበት እያዞሩ «ሞላውን እናጠነክርላችኋለን» የሚሉትም አሉ፤ ይህ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አይጨምርም፣ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ርቀትም ይቀንሳል። ለውሳኔ የሚጠቅመው ሾኩ በመለኪያ ማሽን ላይ ተፈትሾ፣ ሲጨመቅና ሲዘረጋ በየፍጥነቱ ስንት ኒውተን ኃይል እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ ለየትኛው መኪና፣ ለየትኛው ሞዴል ዓመትና ለስንት ክብደት እንደተዘጋጀ ሊጻፍበት ይገባል፤ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ሾክ ለአንዱም ታስቦ አልተሠራም። የታወቀ ስም ያለበት ከሆነም፣ ከመክፈላችሁ በፊት መለያ ቁጥሩን ራሱን አምራቹን ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ወደ ልውውጡ ልመለስ። የራፕተር የፎክስ ሾኮች፣ በተለይ 2.5ቱና 3 ኢንቹ፣ ተፈትተው እንዲታደሱ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ዘይት ማፍሰስ መጀመራቸው ሞተዋል ማለት አይደለም። የዘይት መያዣ ጎሚኒዎቹ ተቀይረው፣ አዲስ ዘይት ተሞልቶና ናይትሮጅኑ በትክክለኛ ግፊት ተሞልቶ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ዘንጉ ካልተቧጠጠና ቱቦው ካልተሰረጎደ፣ ይህ አዲስ ሙሉ ስብስብ ከመግዛት በእጅጉ ይረክሳል። ሻጩ አሮጌውን ለመረከብ የሚቸኩለው ይህንን ስለሚያውቅ ነው፤ አድሶ መልሶ ይሸጠዋል። ምትክ ሆኖ የሚቀርብላችሁ ሾክ ግን ብዙ ጊዜ ጫፉ የተበየደ ነው ወይም ጎሚኒው ለብቻው አይሸጥም፤ ዘይት ማፍሰስ በጀመረ ቀን ተጥሎ ሌላ ይገዛል። በእጃችሁ ያለው እንዲህ ያለ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ፣ ውስጡ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ ስላለ በራሳችሁ አትክፈቱት፣ አትቁረጡት፣ በእሳትም አታሙቁት።

ሌላ ሾክ ለመግጠም የወሰናችሁም ብትሆኑ የፋብሪካውን በውል ውስጥ አታስገቡ። ሁሉንም ከነማሰሪያ ብሎናቸውና ከነሶኬታቸው ተቀበሉ፣ ዘንጎቻቸውን ጠርጋችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ሻጩ አሮጌዎቹን ካልተረከበ ዋጋው አልሆነለትም ካለ፣ የሚፈልገው የእናንተን ዕቃ መሆኑን ራሱ ነግሯችኋልና ከዚያ ሱቅ አትግዙ።