ለቤተ መጻሕፍት ድጋፍ ማሰባሰብ በጅማ፦ ከሞንታርቦ እስከ አፎሻ፣ የቱ ዋጋውን ያወጣል?

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲጠናከር ጅማ ላይ ድጋፍ ለማሰባሰብ የተነሳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ሞንታርቦ መከራየትና ባነር ማሳተም ነው። ሁለቱም በቀላሉ ይገኛሉ፣ ሁለቱም ገንዘብ ይበላሉ። ግን የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር በከተማው በጀት ውስጥ ለቤተ መጻሕፍቱ የተያዘ መስመር ከሌለ የተደረገው ሁሉ ከጭብጨባ አያልፍም። ስለዚህ እዚህ ያሉትን አገልግሎቶች የመዘንናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ወደዚያ መስመር ያደርሳሉ ወይ?

ከሞንታርቦ እንጀምር። ባጃጅ ወይም ፒክአፕ ላይ ተጭኖ ከሒርማታ እስከ አጂፕ፣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ኮቺ የሚዞረው ድምፅ ማጉያ ራሱ ችግር የለበትም። የሚበላሸው የሚነበበው ጽሑፍ ላይ ነው። አስሉት። ድምፁ ከፊትና ከኋላ ወደ 60 ሜትር ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል እንበል። ተሽከርካሪው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ 2.8 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ደጁ ላይ የቆመ ሰው መልእክቱን የሚያገኘው ለ43 ሴኮንድ ብቻ ነው። ሾፌሩ ቸኩሎ 20 ካደረሰው ወደ 22 ሴኮንድ ይወርዳል። «ንባብ የዕውቀት ምንጭ ነው» ብሎ ጀምሮ አንድ ደቂቃ ተኩል የሚዘልቅ ጽሑፍ፣ ቀኑና ቦታው ሲነገር አድማጩ ከኋላ ቀርቷል። የሚሠራው ልክ ይህ ነው፦ 20 ሴኮንድ በኦሮምኛ፣ 20 ሴኮንድ በአማርኛ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቀን፣ ሰዓትና ቦታ። ከሥር ሙዚቃ አይኑር፤ ሙዚቃው የሚሸፍነው ቃሉን ነው። በስግደትና በቅዳሴ ሰዓት፣ እንዲሁም በትምህርት ሰዓት ትምህርት ቤት አጠገብ ማጥፋትን ከአከራዩ ጋር አስቀድሞ መስማማት ግድ ነው፤ ያላሰቡበት ሰዎች በአንድ ዙር ብቻ ደጋፊ ሊሆን የሚችለውን ሰፈር አስቀይመዋል። ፈቃድም ከመውጣት በፊት ይጠየቃል። ሞንታርቦ ሰው ለስብሰባ ይጠራል፤ ሐሳብ አያስለውጥም። ከስብሰባው ቀን በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ከዚያ በላይ መክፈል ብክነት ነው።

ባነር በካሬ ሜትር ይሸጣል፤ ገዢዎች የሚሳሳቱትም ስፋቱን ብቻ ሲያስቡ ነው። ፊደሉ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያስፈልገዋል። ከ30 ሜትር እንዲነበብ ከተፈለገ ፊደሉ 25 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ 3 በ1 ሜትር በሆነ ባነር ላይ ከሁለት አጭር መስመር በላይ አይገባም። ሌላም አለ። አንዱ መልእክት ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ሲጻፍ ከግእዝ ፊደሉ ይልቅ ይረዝማል። አታሚው ታዲያ ለማመጣጠን ኦሮምኛውን ያሳንሰዋል፣ አንባቢውም እንደ ተረፈ ነገር ያየዋል። በዚህ ከተማ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። መጀመሪያ የኦሮምኛውን ዓረፍተ ነገር አሳጥሮ መጨረስ፣ አማርኛውን ከዚያ ማስተካከል ይሻላል። ጠርዙ የታጠፈና በየ50 ሴንቲ ሜትሩ የብረት ቀለበት ያለው ይሁን፤ የጅማን ክረምት ያልታጠፈ ጠርዝ አይችለውም። የባለሥልጣን ፎቶና አምስት ዓርማ ቦታውን ከሞሉት ደግሞ ሳያሳትሙት መቅረት ይሻላል።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ለማስታወሻ ጥሩ ናቸው፣ ከጅማ ርቀው የሚኖሩ ተወላጆችንም ያገናኛሉ። ምክር ቤት ውስጥ ግን ላይክ አይቆጠርም።

የመጽሐፍ ማሰባሰብ ዘመቻ ብዙ ሰው የሚወደው ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሕዝብ መጽሐፍ ማሰባሰቡም ብዙ ከተሞችን አነሳስቷል። ይሁንና ያለ ዝርዝር የተጠራ ዘመቻ በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የታተሙ መማሪያዎችን፣ ገጻቸው የጎደለ ልብ ወለዶችንና ማንም የማያነባቸውን የስብሰባ ሰነዶች ያመጣል። የጅማ እርጥበትም ይጨመርበት፦ አየሩ ከ65 በመቶ በላይ ርጥብ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ይነሳል፣ በአንድ የሻገተ ካርቶንም መደርደሪያው በሙሉ ይበከላል። የመጣው ሁሉ ከመደርደሩ በፊት በደረቅ ክፍል ለብቻው ይቆይ፣ ጥራዙና ውስጡ ይታይ፤ መደርደሪያው ከግድግዳ 5፣ ከወለል ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የሚፈለገውን በርዕስና በክፍል ለይቶ መለጠፍ ደግሞ ሸክሙን በእጅጉ ያቀላል። መጻሕፍትን በርዕሳቸው ቁጥር እየሰጠ በሚለየው በዲዊ አመዳደብ ቡና 633.73 ላይ ነው፤ በቡና በምትኖር ከተማ ይህ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ ማየት ያሳፍራል፣ ለጋሽ ለማግኘትም ይህን ያህል ቀላል ርዕስ የለም።

ልገሳ የበጀት ምትክ እንደማይሆን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ኢፍላ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአንድ ነዋሪ ከ1.5 እስከ 2.5 መጽሐፍ፣ ለትንሹ ማዕከል ደግሞ ከ2,500 ያላነሰ መጽሐፍ መክሯል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጅማ 120,960 ነዋሪ ነበራት። በዝቅተኛው ልክ እንኳ 181,440 መጽሐፍ ይመጣል። ይህን ቁጥር ማቅረብ የሚጠቅመው ሙሉውን በአንድ ዓመት ለመጠየቅ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚገዛ መጠን እንዲወሰን ለማድረግ ነው። ዩኔስኮ በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ከኢፍላ ጋር በ2022 እ.ኤ.አ. ያደሰው መግለጫም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በመርህ ደረጃ ያለ ክፍያ እንዲያገለግልና በሕግ ተደግፎ መንግሥት ገንዘቡን እንዲሸፍን ይላል። ቁጥሩን ከእነዚህ ሁለት ሐሳቦች ጋር አያይዞ ማቅረብ ነው።

ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ፈጣን ናቸው፣ የማመልከቻ ቅርጽም ያውቃሉ። እጃቸው ግን ከሳሽና ተከሳሽ ለምዷል፤ የጻፉት ወረቀት ወደ ቅሬታ ሰሚ ይመራና በጀት የሚያዘጋጀው ክፍል ሳያየው ይቀራል። ለመተየብ ብቻ ተጠቀሙባቸው፣ ቃሉን እናንተ አምጡ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ጅማ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ እድርና እንደ እድር ያለው የመረዳጃ ማኅበር፣ አፎሻ፣ ነው፤ ምንም ክፍያ የለውም፣ ግን ሥርዓት አለው። ዳኛውን ወይም ሰብሳቢውን ከስብሰባው በፊት አግኝቶ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር መግባት ወጥመድ ነው፤ እዚያ ሲደረስ ከፍሎ የጨረሰው ሰው ወጥቷል። የፊርማው ወረቀት ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ጎን ይቀመጥ፦ ሰው መዋጮውን ከፍሎ ስሙን ሲያስመዘግብ ብዕሩ እጁ ላይ ነው። ንግግሩ 5 ደቂቃ ይብቃው፣ ተናጋሪዎቹም ሁለት ይሁኑ፤ አንድ የስምንተኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪና አንድ ሰፈሩ የሚያከብረው አዛውንት። የሴቶች እድር ለብቻው ካለ ለብቻው ይኬድበታል።

«ዩኒቨርሲቲው አለ አይደል?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመው ለተማሪዎቹና ለመምህራኑ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ ጋራዥ የሚሠራ ወጣትና ጡረተኛ የእሱ ድርሻ አይደሉም። «ልጆቹ ስልክ አላቸው» ለሚለውም መልሱ ቀላል ነው፦ አምስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ የሚያስፈልገው ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ነው።

የፊርማ ወረቀት ላይ የሚደጋገመው ስሕተት ጥያቄው በመጀመሪያው ገጽ ብቻ መጻፉ ነው። ገጾቹ ሲለያዩ ሁለተኛውና ሦስተኛው ምን እንደተፈረመበት የማይታወቅ የስም ዝርዝር ይሆናሉ። ጥያቄው በየገጹ ራስጌ ይደገም፣ ገጾቹ ይቆጠሩ። ስም፣ ቀበሌና ፊርማ በቂ ናቸው፤ ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ ሰው ይሸሻል። ከሁሉ በላይ ግን የእድሩ ማኅተም ያረፈበት፣ ስንት አባወራና እማወራ እንደሚወክል የሚገልጽ ደብዳቤ ይኑር። አንድ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከብዙ የተበታተነ ፊርማ ይልቅ ጠረጴዛ ላይ ይከብዳል።

ደብዳቤው በኦሮምኛ ይጻፍ፣ የሥራ ቋንቋው ስለሆነ፤ የአማርኛ ቅጂ ለአባላት ይያያዝ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በብዙ ከተሞች በባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሥር ስለሆነ አድራሻው እዚያ፣ ግልባጩ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤትና ለምክር ቤቱ ይሁን። ጊዜው ወሳኝ ነው፦ ጽሕፈት ቤቶች ዕቅዳቸውን ከሰኔ በፊት ስለሚጨርሱ ከመጋቢት የዘገየ ጥያቄ ለከርሞ ይቀራል። የሚጠየቀውም ሕንፃ ብቻ አይሁን። ሕንፃ የካፒታል በጀት ነው፣ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሳል፤ የባለሙያ ደመወዝ፣ የመጽሐፍ መግዣና የማታ ፈረቃ ግን ከመደበኛ በጀት ነው የሚወጡት። ያለ እነዚህ ብዙ ንባብ ቤት ቁልፍ ተቆልፎበት ቀርቷል። ከደብዳቤው ጋር የሁለት ሳምንት የተጠቃሚ ቆጠራ በየሰዓቱ ተከፍሎ፣ ቅዳሜን ጨምሮ ቢያያዝ የማታ ፈረቃው ክርክር በግማሽ ያልቃል፤ ሰው ቦታ አጥቶ የተመለሰባቸው ሰዓቶች በተለየ ቀለም ይጻፉ።

መዝገብ ቤት ሲገባ የራሳችሁ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ውጡ። ያለዚያ ቁጥር «አልደረሰንም» ለሚል መልስ ማስረጃ የለም። በጀቱ ሲጸድቅ ደግሞ መስመሩን ራሱን ጠይቁ፤ ካፒታል ብቻ ተይዞ መደበኛው ባዶ ከሆነ፣ ያንኑ ደብዳቤ ቁጥሩን ጠቅሶ የዓመቱ አጋማሽ የበጀት ክለሳ ከመድረሱ በፊት ማስገባት ይቻላል።