ሰው ይላክ ወይስ ሮቦት? የሕዋ ተልዕኮ ለሚመርጡ የቀረበ ንጽጽር

ለሕዋ ምርምር ገንዘብ የሚመድብ መንግሥትም ሆነ ተቋም፣ ሰው ልላክ ወይስ ሮቦት ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ እዚያ ተደርሶ የሚሠራውን ሥራ በግልጽ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ሁለቱም ለሁሉም ሥራ እኩል አይመቹምና፣ ሥራው ሳይለይ መንገደኛው ከተመረጠ ገንዘቡ ያለ ቦታው መዋሉ አይቀርም።

በወጪ በኩል ልዩነቱ አያከራክርም። ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው የአሜሪካ የአፖሎ መርሐ ግብር በዘመኑ ዋጋ 25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ማርስ ላይ ያረፈችው ተሽከርካሪ ሮቦት ኪዩሪዮሲቲ ደግሞ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶባታል፤ በመካከሉ የነበረው የዋጋ ንረት ሲታሰብ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ሰው አየር፣ ውኃ፣ ምግብና ከጨረር የሚከልለው መጠለያ ያስፈልገዋል፤ ከሁሉም በላይ ግን በሕይወት መመለስ ስላለበት፣ የመመለሻው ሞተርና ነዳጅ ጭምር ከምድር ተጭኖ መነሣት አለበት። ሮቦት ግን ናሙና ይዞ እንዲመጣ ካልተፈለገ በቀር በሄደበት ይቀራል። የሶቪየቷ ሮቦት ቬኔራ 13 በ1982 ከ450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚበልጠው የቬኑስ ሙቀት ውስጥ ለ127 ደቂቃ የሠራችውም፣ በ1977 የመጠቀችው የአሜሪካ መንኮራኩር ቮዬጀር 1 በ2012 በከዋክብት መካከል ወዳለው ሕዋ የዘለቀችውም መመለስ ስላልተጠበቀባቸው ነው። ለእንዲህ ያሉ መዳረሻዎች ሰውን በአማራጭነት ማቅረብ ራሱ ትርጉም የለውም።

ሰው የሚበልጠው በፍጥነትና በቅጽበታዊ ውሳኔ ነው። የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች በታኅሣሥ 1972 በሦስት ቀን ውስጥ በጨረቃ ላይ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ በተሽከርካሪ ተጉዘዋል፤ ማርስ ላይ የተሰማራችው ሮቦት ኦፖርቹኒቲ 45 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ14 ዓመት በላይ ወስዶባታል። እርግጥ ነው፣ ኦፖርቹኒቲ የታቀደላት ለ90 የማርስ ቀናት ብቻ ስለነበር የጽናቷ ነገር የሚደነቅ ነው። ሆኖም ከምድር ወደ ማርስ የሚላክ መልእክት እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ እዚያ ያለን ሮቦት እያንዳንዱን እርምጃ ከምድር እያዩ መምራት አይቻልም። ከአፖሎ 17 ጠፈርተኞች አንዱ የሆነው የሥነ ምድር ባለሙያ ሃሪሰን ሽሚት ግን ብርቱካናማ አፈር እግሩ ሥር ባየ ጊዜ እዚያው ቆፍሮ ናሙናውን አነሣ፤ አፈሩም ከጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የቀሩ ጥቃቅን የመስታወት እንክብሎች ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱን ለመመዘን ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ግን ከአፈር ሥር ያለውን ሙቀት ለመለካት የተደረገው ጥረት ይመስለኛል። በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ሲቆፍር መሰርሰሪያው እየተያዘ ስላስቸገረው፣ መለኪያው ወደታቀደለት ጥልቀት ሳይደርስ ቀረ። መሰርሰሪያው ተሻሽሎ በአፖሎ 16 ጉድጓዱ በሚገባ ቢቆፈርም፣ የጠፈርተኛው ጆን ያንግ እግር ገመዱን ጠልፎ በመበጠሱ ሙከራው ከሸፈ፤ ሥራው የተሟላው በአፖሎ 17 ነው። በ2018 ማርስ ላይ ያረፈችው ሮቦት ኢንሳይት ደግሞ ራሱን እየቀጠቀጠ እስከ 5 ሜትር እንዲወርድ የታሰበ መለኪያ ነበራት። አፈሩ ጨብጦ ስላልያዘው መለኪያው በቆመበት እየነጠረ ቀረ፤ መሐንዲሶች ከምድር ሆነው በሮቦቷ ክንድ እየተጫኑት ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከታገሉ በኋላ በጥር 2021 ተስፋ ቆረጡ። ሰውም ይሰናከላል፤ ነገር ግን በቦታው ሰው ቢኖር መለኪያውን ነቅሎ ፈቀቅ ብሎ እንደገና መጀመር በቻለ ነበር። በአንጻሩ በዚያችው ሮቦት ላይ የነበረው የመንቀጥቀጥ መለኪያ፣ ነካክቶ የሚያውከው ሰው በሌለበት ጸጥታ ውስጥ ከ1,300 በላይ የማርስ መንቀጥቀጦችን መዝግቧል።

በናሙና ረገድ የአፖሎ ጉዞዎች 382 ኪሎ ግራም ሲያመጡ፣ በዚያው ዘመን የተላኩት ሦስት የሶቪየት ሮቦቶች በድምሩ ያመጡት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ይህ ብልጫ ግን እየጠበበ ነው፤ የቻይናዋ ቻንግኤ 6 በ2024 ሰው ረግጦት ከማያውቀው የጨረቃ ጀርባ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ናሙና ይዛ ተመልሳለች።

የሕይወት ጉዳይ ከገንዘብ ጋር አብሮ ሊደመር አይገባም። ቻሌንጀርና ኮሎምቢያ በተባሉት የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች አደጋ 14 ሰዎች ሞተዋል፤ ሮቦት ሲወድቅ የሚጠፋው ገንዘብና ድካም ነው። ሕይወት ያለው ነገር ለሚፈለግባቸው ቦታዎችም ሰው አስቸጋሪ እንግዳ ነው፤ መሣሪያን ከጀርም ማጽዳት ሲቻል፣ ሰው ግን በሰውነቱ ያሉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ በጀቱ ለአንድ ተልዕኮ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ወይም መዳረሻው ከጨረቃ የሚርቅ ከሆነ፣ ሮቦት ይመረጥ። ሰውን መምረጥ የሚያዋጣው ቦታው በሮቦት አስቀድሞ ተጠንቶ፣ ተደጋጋሚ ጉዞ ታቅዶና የእጅ ሥራው በዝቶ ሲገኝ ነው። ሰው የመላክ ዕቅድ በሳይንስ ስም ሲቀርብም ጠፈርተኞቹ ከመንኮራኩሩ ወጥተው የሚሠሩባቸው ሰዓታት ስንት እንደሆኑና ለእያንዳንዷ ሰዓት ስንት እንደሚከፈል በጽሑፍ ይጠየቅ።