ሦስት ዓይነት ጠጅ በስኳር ሕመምተኛ ዓይን

ፒያሳ አካባቢ ያለውን ይህን ነባር ጠጅ ቤት የምገመግመው በጣዕሙ ብቻ ሳይሆን፣ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም እንዳለበት ሰው፣ መጠጡ በደም ስኳር ላይ በሚያመጣው ለውጥም ጭምር ነው። ቤቱ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ጠጅ ለየብቻ ይቀዳል። የቤቱን ባለቤት “እማማ፣ ስኳር ገብቶበታል?” ብዬ ስጠይቃቸው፣ “ማርና ጌሾ ነው ልጄ፤ ጠዋት ከመጣህ ስበጠብጠው ታያለህ” አሉኝ። መልሳቸው ለጠጁ ጥራት ትልቅ ምስክር ነው። ለሕመምተኛ ግን ማርም ቢሆን ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሞላበት ስለሆነ፣ ይበልጥ የሚያሳስበው ከፈላ በኋላ ምን ያህሉ ሳይለወጥ ቀረ የሚለው ነው።

ለስላሳው ገና በደንብ ስላልፈላ የማሩ ስኳር አብዛኛው በውስጡ አለ። መዓዛው እጅግ ደስ ይላል፤ ሆኖም ባዶ ሆድ ለገባ ሕመምተኛ የደም ስኳርን በፍጥነት ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ “አልኮል የለውም፣ አይጎዳህም” ተብሎ የሚጋበዘው ብርዝም ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። መካከለኛው እንደ ስሙ በሁለቱ መካከል ያለ ነው።

ደረቁ በእኔ ግምት ከሦስቱ ምርጡ ነው፤ የጌሾው ምሬት ከማሩ ሽታ ጋር ተስማምቶ በጉሮሮ ላይ ይቆያል። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ስለለወጠው ጣፋጭነቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሕመምተኞችም በዚህ ምክንያት ደረቁን ያለ ስጋት ይጠጡታል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ጉበት አልኮል ሲገባበት እሱን ማስወገድን ስለሚያስቀድም፣ አዲስ ግሉኮስ ሠርቶ ወደ ደም የመልቀቅ ተግባሩ ይዳከማል፤ ስለሆነም ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የደም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚውጥ ሰው፣ በተለይ ሳይበላ ከጠጣ፣ የደም ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ፣ ምናልባትም በእንቅልፉ መሐል፣ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። አደጋው እስከ 24 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ላቡ፣ መንቀጥቀጡና የንግግሩ መተሳሰር ስካር ስለሚመስል፣ ቤተሰብ “ይተኛበት” ብሎ ሊተወው ይችላል፤ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ግን የስኳር መለኪያና አፋጣኝ እርዳታ ነው።

በሌሎች መጠጦችም ነገሩ ያው ነው። አረቄ የተጣራ በመሆኑ ስኳር የለበትም፤ ብርታቱ ግን ጉበትን ይበልጥ ያስጨንቃል። ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ በአማካይ 12 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬትና 140 ካሎሪ ገደማ አለው። ከወይን ጠጅ ደግሞ፣ አካሺያን የመሰለው ሚዲየም ስዊትም ድራይም ሆኖ ስለሚሸጥ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው። ክብደት ለሚቆጣጠር ሰው፣ ከአንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ እንደሚገኝ፣ ከአንድ ግራም ስኳር የሚገኘው ግን 4 ብቻ መሆኑን ማወቁ ይጠቅመዋል።

የቤቱ ጉድለት አስተናጋጆቹ ብርሌው ሳይጎድል መሙላታቸው ነው። እንግዳ አክባሪነታቸው ልብ ይነካል፤ ይሁን እንጂ ጠጪው ምን ያህል እንደጠጣ መቁጠር አይችልም። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ለሚጠጡ ሕመምተኞች ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን ለሴት አንድ፣ ለወንድ ሁለት መለኪያ ሲሆን፣ አንዱ መለኪያ 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። የጠጁ የአልኮል መጠን በየብርሌው ስለማይታወቅ፣ “አትሙሉብኝ” ማለት አስፈላጊ ነው፤ ስላቸውም በፈገግታ ተቀብለውኛል።

ጥብሳቸው ትኩስና ለጋ ነው፤ እንጀራውንም ሳይቆጥቡ ያቀርባሉ፤ ስለዚህ አስቀድሞ በልቶ መጠጣት እዚህ ቀላል ነው። የጉበት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም የቆሽት መቆጣት የደረሰበት ሰው ግን ከሦስቱም ጠጅ ይቆጠብ። ለሌላው ሕመምተኛ፣ ሐኪሙ ከፈቀደለት፣ ከምግብ ጋር አንድ ብርሌ ደረቅ ጠጅ እመርጥለታለሁ፤ ከመተኛቱ በፊትም የደም ስኳሩን ለክቶ ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ካገኘው ጥቂት ምግብ ቀምሶ ይተኛ።