ለሳሳ ፀጉር የሚነሰነሰው የኬራቲን ዱቄት፦ የት ይሠራል፣ የት አይሠራም

ሉጫና ቀጭን ፀጉር ያላት ሴት ታውቀዋለች። ታጥቦ ሲደርቅ ራስ ላይ ልጥፍ ይላል፤ መሃል ለመሃል ሲከፈል ደግሞ ቆዳው ከሩቅ ይታያል። የኔ ፀጉር ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ክፉኛ ረገፈ። ወልደው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ መርገፉ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በዓመት ውስጥ ይመለሳል። እኔ ግን አናቴ ላይ እንደሳሳ ቀረ። አክስቴ በዓል በመጣ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ ምነው ፀጉርሽ እንዲህ አለቀ?» ትለኛለች። ተጨንቃልኝ ነው፤ ሰው ፊት ሲባል ግን ያማል።

የገዛሁት ዱቄት የሚመጣው አናቱ እንደ ጨው መነስነሻ በተበሳሳ ትንሽ ዕቃ ነው። ጣት ላይ አድርጋችሁ ብርሃን ላይ ስታዩት ዱቄት ሳይሆን በጣም አጫጭር የፀጉር ብናኝ ነው። ኬራቲን የራሳችን ፀጉርና ጥፍር የተሠራበት ፕሮቲን ነው፤ የዚህኛው ከበግ ፀጉር የተገኘ ነው። ደረቅ ፀጉር በፕላስቲክ ማበጠሪያ ሲበጠር ብድግ የሚለው በምን ኃይል ነው? ብናኙም በዚያው ኃይል ባለው ፀጉር ላይ ይጣበቅና ያወፍረዋል። ስለዚህ የሚይዝበት ፀጉር ያስፈልገዋል። ጭራሽ በተመለጠ ቦታ ላይ ብትነሰንሱት ገንዘባችሁን ነው የምትበትኑት።

አጠቃቀሙ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። ፀጉር መታጠብና እስከ ሥሩ መድረቅ አለበት። ቅቤ ወይም የፀጉር ዘይት በተቀባችሁበት ቀን አትሞክሩት፤ ይጓጉላል። እኔ መጀመሪያ ካስክ ውስጥ ገብቼ አደርቀዋለሁ፣ አበጥረዋለሁ፣ እከፍለዋለሁ። ዱቄቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዕቃውን ከተከፈለው መስመር በላይ ይዤ በጣቴ መታ መታ አደርገዋለሁ። ከዚያ በመዳፌ ቀስ ብዬ ጫን ጫን፤ ማሸት የለም። ቆዳው ቀስ በቀስ ሲሸፈንና መስመሩ ሲጠብ በመስታወት ማየት ደስ ሲል! በመጨረሻ ፀጉር ባለበት የሚያስይዝ ስፕሬይ ትንሽ ነፋ አድርጌበት እወጣለሁ።

ስለ ቀለሙ አጥብቄ የምለው አለኝ። የብዙዎቻችን ፀጉር ጥቁር ይባል እንጂ ፀሐይ ላይ ሲታይ ጥቁር ቡናማ ነው። ድፍን ጥቁሩ አናት ላይ ጎልቶ ያሳብቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ፀጉራችሁን ደጅ ወጥታችሁ እዩት፤ የሱቅ መብራት ያታልላል።

አሁን ወደ ነጠላ። ዋናው ችግሩ ይኸው ነው። ነጭ ነጠላ ራስ ላይ ጣል ሲደረግ ብናኙ ወደ ጥጡ ይሄዳል፤ ጠርዙ ላይ የቡናማ ጥላ ይተዋል። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ማኅበር ወይም ለቅሶ የምሄድ ከሆነ ከነጠላው ሥር ስስ ጥቁር ሻሽ አስራለሁ። ዱቄቱ ካፊያ ይችላል። የክረምት ዶፍ ግን አይችልም፤ ጃንጥላ ይያዝ።

ለግንባር ዳርም አይሆንም። እዚያ ፀጉሩን የሚያሳሳው ብዙ ጊዜ አጥብቆ መሠራት ነው፦ የጠበቀ ሹሩባ፣ ከባድ ቅጥያ። ቶሎ ከተተወ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከተጎተተ ግን ሥሩ ጨርሶ ይሞታል። ሠሪዋን «እባክሽ አታጥብቂብኝ» ማለት ነውር አይደለም። ልጆቻችን ላይ ደግሞ የበለጠ ልንጠነቀቅ ይገባል፤ እያለቀሱ የሚሠሩ ሕፃናትን ሳይ አንጀቴን ይበላኛል።

ዱቄቱ አንዲት ፀጉር አያበቅልም። ማብቀል የምትፈልጉ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የብረት እጥረትና የታይሮይድ ችግርም ፀጉር ያረግፋሉ፣ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያዙት ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ለወንዶች ፀጉር የተፈቀደው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል። ለውጡ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላል፣ ሲያቆሙት ደግሞ የበቀለው ይሄዳል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትጠቀመውም።

ዱቄቱ ከውጭ ስለሚመጣ ርካሽ አይደለም። ትንሹን ገዝታችሁ ሞክሩት፤ ማሸጊያው የተነካ ከሆነ ደግሞ ተዉት። እኔ ሲያልቅብኝ ድጋሚ እገዛዋለሁ፣ ግን ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ፎቶ ለሚበዛበት ቀን። በአዘቦት ቀን ፀጉሬን ትከሻዬ ላይ እኩል አስቆርጬ መተዉ ይበቃኛል፤ ጫፉ አንድ ላይ ሲያልቅ ሞላ ያለ ይመስላል። ዱቄቱን ያደረግሁ ማታ ግን ሳልታጠብ አልተኛም፣ አለዚያ ትራሱ ላይ ነው የሚያድረው።